መንገዱ ለማን ሠራ? የጭላሎ ልምድ ለአሰላ ከተማ የመሠረተ ልማት ጥናት ያለው ፋይዳ

መግቢያ

የመሠረተ ልማት ውጤት ብዙውን ጊዜ የሚመዘነው በቁጥር ነው፤ ይህን ያህል ኪሎ ሜትር መንገድ ተነጠፈ፣ ይህን ያህል ቦኖ ተተከለ ይባላል። ቁጥሩ አስፈላጊ ቢሆንም፣ የተሠራው ነገር በነዋሪዎች መካከል ያለውን ግንኙነት እንዴት እንደለወጠው አይነግረንም። አሜሪካዊቷ የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር ሱዛን ሊ ስታር እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ መሠረተ ልማት ራሱን ችሎ የቆመ ዕቃ ሳይሆን ከተጠቃሚው ጋር ባለው ግንኙነት የሚታወቅ ነገር መሆኑን አስረድተዋል። ለአንዱ መወጣጫ የሆነው ደረጃ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄደው እንቅፋት ነው። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ይህን ሐሳብ በአርሲ ደጋ ታሪክ ፈትሾ፣ ዛሬ ለአሰላ ከተማ ጥናት የሚያስነሣቸውን ጥያቄዎች ማመልከት ነው።

የጭላሎ ልምድ

በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት የጭላሎ የእርሻ ልማት ፕሮጀክት (ካዱ) እ.ኤ.አ. በ1967 ሥራውን ሲጀምር ማዕከሉ አሰላ ነበረች። ፕሮጀክቱ ምርጥ የስንዴ ዘርና ማዳበሪያ በብድር ከማቅረቡም በላይ፣ የገጠር መንገድ ሠራ፤ ውሃ አወጣ፤ ገበሬው በቅርቡ እህሉን የሚሸጥባቸውና ግብአት የሚገዛባቸው የንግድ ማዕከሎች አቋቋመ። ዛሬም በስንዴ ምርምር የሚታወቀው የቁሉምሳ የምርምር ማዕከል የዚያ ዘመን ቅርስ ነው።

የታለመው ተጠቃሚ አነስተኛ ገበሬውና ጭሰኛው ነበር። ይሁን እንጂ መንገዱና ገበያው የተዘረጉት ባለርስትና ጭሰኛ በነበሩበት ሥርዓት ላይ ነው። ምርጥ ዘሩ የምርቱን መጠን ሲጨምር፣ መንገዱ ደግሞ ምርቱን ወደ ገበያ ሲያቀርብ የመሬቱ ዋጋ ከፍ አለ። ከቀረጥ ነጻ ይገባ የነበረው ትራክተር ሲታከልበት ባለርስቱ ከጭሰኛው ድርሻ ከመቀበል ይልቅ ራሱ ማረስ አዋጪ ሆኖ አገኘው። በዚህም ምክንያት በርካታ ጭሰኞች ሲያርሱት ከኖሩት መሬት ተነቀሉ። መሬቱን ያላጣውም ቢሆን የኪራዩ ድርሻ ከበደው። በስምምነቱ ታስቦ የነበረው የባለርስትና የጭሰኛ ግንኙነት ማሻሻያ ሕግ በፓርላማው ሳይጸድቅ ቀረ። ችግሩ በሕግ የተነካው በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት መሆኑ ሲታወጅ ነበር።

ከዚህ የምንረዳው መንገዱ መጥፎ እንደነበረ አይደለም። ምርት ጨምሯል፤ ገበያም ተገኝቷል። ነገር ግን መንገዱ የመሬቱን ዋጋ ሲያሳድግ፣ ጭማሪው ለማን እንደሚደርስ የወሰነው የመሬት ይዞታው ነው። የመሠረተ ልማቱ ፍጥነትና የሕጉ ዝግመት አለመመጣጠናቸው በጭሰኛው ላይ ወደቀ።

ከገጠር ወደ ከተማ

ይኸው አመክንዮ ለከተማም ይሠራል። በከተሞቻችን የውስጥ ለውስጥ መንገድ በድንጋይ ንጣፍ (ኮብልስቶን) ሲሠራ ነዋሪው ገንዘብ የሚያዋጣበት አሠራር የተለመደ ነው። መንገዱ ሲጠናቀቅ ጭቃና አቧራ ይቀንሳል፤ ባጃጅ እስከ ደጅ ይገባል፤ ወላድ በሌሊት ወደ ሆስፒታል ለመድረስ ይቀላታል። በአንጻሩ የቤት ኪራይ ሊጨምር ይችላል። ባለቤቱ በንብረቱ ዋጋ ዕድገት ሲጠቀም፣ ተከራዩ ኪራዩን መክፈል ካቃተው ወደ ከተማው ዳር ይገፋል። የሚያጣውም ቤቱን ብቻ አይደለም። ለዓመታት መዋጮ የከፈለበትን ዕድር፣ ልጆቹን የሚጠብቁለትን ጎረቤቶች፣ በዱቤ የሚሰጠውን ባለሱቅ ያጣል። በዚህ ረገድ የዛሬው ተከራይ ቦታ ከትናንቱ ጭሰኛ ቦታ ጋር ሊነጻጸር ይችላል።

አሰላ በጭላሎ ተራራ ሥር፣ ከአዳማ ወደ በቆጂ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ እንደመሆኗ፣ ለዚህ ጥናት ተስማሚ ናት። ሆስፒታሉ፣ ዩኒቨርሲቲውና የብቅል ፋብሪካው በዙሪያዋ ካለው ገጠር ጋር ያስተሳስሯታል፤ ተማሪ፣ ሠራተኛና ታማሚ ቤት ፍለጋ ይመጡባታል።

ማጠቃለያ

እንግዲህ ወደፊት በአሰላና በመሰል ከተሞች የሚደረጉ ጥናቶች ሦስት ጥያቄዎችን ቢያካትቱ መልካም ነው። አንደኛ፣ ግንባታው ከመጀመሩ በፊት በመንደሩ ባለቤት ማን፣ ተከራይ ማን ነበር? ሁለተኛ፣ መዋጮውን የከፈለው ማን ነው? ዋጋው ሲያድግስ ጥቅሙ ለማን ደረሰ? ሦስተኛ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በዕድሩ መዝገብ ላይ የቀረው ስም የማን ነው? የመጨረሻው ጥያቄ በተለይ ሊዘነጋ አይገባም። ጥናቱ ሥራው ካለቀ በኋላ ብቻ ከተጀመረ፣ መጠይቁን የሚሞሉት የቀሩት ነዋሪዎች ናቸው፤ የለቀቁት አይጠየቁም። መዝገቡ አስቀድሞ ከተያዘ ግን የመንገዱን ርዝመት ብቻ ሳይሆን ማኅበራዊ ዋጋውንም ለመለካት ይቻላል፤ ለተከራዩ የሚሆን የሕግ ጥበቃም ከንጣፉ ጋር አብሮ እንዲታሰብ ማስረጃ ይሆናል።