ስለ ቀንድ አውጣዎች አለያየት

በወንዝ ዳር፣ በኩሬና በመስኖ ቦይ ውስጥ ድንጋዩን ገልብጦ ለሚመለከት ሰው ቀንድ አውጣ ብዙ ነው። ከራሱ ላይ ቀንድ የመሰለ ነገር አውጥቶ በቀስታ ሲሄድ ስለሚታይ ስሙ ተስማምቶታል፤ ሕዝቡም ሁሉንም በዚሁ በአንድ ስም ይጠራቸዋል። ነገር ግን በአንዱ ስም ውስጥ ብዙ ወገን አለ። አንዱ የውሃውን አረንጓዴና የበሰበሰውን ቅጠል እየበላ ማንንም ሳይጎዳ ይኖራል። ሁለተኛው በሰው ላይ ቢልሃርዚያ የሚባለውን በሽታ የሚያመጣውን ትል በሥጋው ውስጥ ያሳድጋል። ሦስተኛው ደግሞ የበግንና የከብትን ጉበት የሚያበላሸውን ትል ያሳድጋል። ሦስቱም በአንድ ኩሬ ውስጥ ጎን ለጎን ሊገኙ ይችላሉ። ስለዚህ አንዱን ከሌላው ለይቶ ማወቅ የጨዋታ ነገር አይደለም።

ይህ መለየት ምን ያህል ዋጋ እንዳለው በግብጽ አገር የሆነው ነገር ያስረዳል። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1851 ቴዎዶር ቢልሃርዝ የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም በካይሮ ከተማ የሞተ ሰው ሬሳ ሲመረምር በደም ሥሩ ውስጥ አንድ ቀጭን ትል አገኘ። በሽታውም በእርሱ ስም ቢልሃርዚያ ተባለ። የትሉ ዕንቍላል በአጕሊ መነጽር ሲታይ በላዩ አንድ እሾህ አለበት። ይሁን እንጂ ሐኪሞች ሁለት ዓይነት ዕንቍላል ያዩ ነበር፤ አንዱ እሾሁ በጫፉ ላይ ነው፤ ሁለተኛው እሾሁ በጎኑ ነው። እሾሁ በጫፉ ያለው ከሕመምተኛው ሽንት ጋር፣ በጎኑ ያለው ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣ ነበር። ከዚህ የተነሣ በሊቃውንት መካከል ክርክር ሆነ። በካይሮ የሕክምና ትምህርት ቤት ያስተምር የነበረው አርቱር ሎስ፣ ትሉ አንድ ነው፤ ከሰው ወደ ሰውም የሚተላለፈው ያለ ቀንድ አውጣ ነው ይል ነበር። ሎስ በጊዜው እጅግ የተከበረ ሊቅ ስለ ነበረ ብዙዎች ቃሉን ተቀበሉ። ሌሎች ግን ትሎቹ ሁለት ሳይሆኑ አይቀሩም አሉ።

ክርክሩ የተፈታው በነገር ብዛት ሳይሆን ቀንድ አውጣ በመልቀም ነው። በ1915 ሮበርት ሊይፐር የሚባል ብሪታንያዊ ወደ ግብጽ ተላከ፤ በዚያ ጊዜ በግብጽ ብዙ የእንግሊዝ ወታደሮች ነበሩና መንግሥቱ ስለ ጤናቸው ፈርቶ ነበር። አስቀድሞ በ1913 የጃፓን ሊቃውንት በአገራቸው ያለው የዚህ ትል ወገን በቀንድ አውጣ ውስጥ እንደሚያድግ አግኝተው ነበር። ሊይፐር በካይሮ አጠገብ ካለችው ከኤል ማርግ መንደር ቦዮች ቀንድ አውጣዎችን ሰበሰበ፤ እያንዳንዱንም በየወገኑ ለየ፤ ውስጡንም መረመረ። ከዚያም በውስጣቸው ያገኘውን ትል በአይጦች ላይ ፈተነ። ከጠፍጣፋው ቀንድ አውጣ የወጣው ትል በአይጦቹ ሆድ እሾሁ በጎኑ የሆነ ዕንቍላል ብቻ ሰጠ፤ አፉ ወደ ግራ ከሆነው ቀንድ አውጣ የወጣው ትል ደግሞ እሾሁ በጫፉ የሆነ ዕንቍላል ሰጠ። ትሎቹ ሁለት ነበሩ፤ ማደሪያቸውም ሁለት ነበረ። ሊይፐር የለቀማቸውን ሁሉ በአንድ ዕቃ ቀላቅሎ አኑሮ ቢሆን ኖሮ ይህን ከቶ ባላወቀም ነበር።

ዛሬ እንደሚታወቀው የበሽታው መንገድ እንዲህ ነው። የታመመ ሰው በውሃ አጠገብ ሲጸዳዳ ዕንቍላሉ ወደ ውሃ ይገባል። ከዕንቍላሉ የምትፈለፈለው በዐይን የማትታይ ፍጥረት ለእርሷ የሚስማማውን ቀንድ አውጣ ፈልጋ በሥጋው ውስጥ ትገባለች፤ በዚያም ትበዛለች። አንድ ወር ያህል ከቈየ በኋላ ከዚያ ቀንድ አውጣ ጅራታቸው እንደ መንታ የሆነ እጅግ ብዙ ትንንሽ ትሎች ይወጣሉ፤ በውሃው ውስጥ የቆመውን ሰው ቆዳ በስተው ይገባሉ። የሚስማማውን ቀንድ አውጣ ካላገኙ ግን ያልቃሉ። እንግዲህ በወንዙ ውስጥ ያ ቀንድ አውጣ ከሌለ በሽታው ከሩቅ አገር በሰው ቢመጣም እንኳ በዚያ ወንዝ ሊተላለፍ አይችልም።

አሁን ዛጎሉን ወደ ማየት እንመለስ። ዛጎል ለቀንድ አውጣው ቤቱ ነው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ እየጨመረ ራሱ ይሠራዋል። የመጀመሪያውና ትንሹ ክፍል ጫፉ ነው፤ እርሱን እንደ ቤተ ክርስቲያን ጣራ ጉልላት ማለት ይቻላል። ከዚያ እየዞረና እየሰፋ ይወርዳል፤ እያንዳንዱ ዙር ጥምዝ ይባላል። በመጨረሻ ቀንድ አውጣው የሚወጣበትና የሚገባበት አፍ አለ።

ለመለየት የሚፈልግ ሰው ዛጎሉን ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት አያያዝ መያዝ አለበት። ይኸውም ጉልላቱን ወደ ላይ፣ አፉን ወደ ራሱ ፊት አድርጎ ነው። እንዲህ ሲያዝ አፉ በቀኝ በኩል ወይም በግራ በኩል ይሆናል። ጉልላቱን ወደ ታች ቢያደርገው ያሳስተዋል፤ ጠመዝማዛ ነገር ተገልብጦም መዞሪያውን አይለውጥምና አፉ ግን በሌላው በኩል የሚታይ ይመስለዋል። ስለዚህ አያያዙ አንድ ካልሆነ ሁለት ተማሪዎች አንዱን ዛጎል አይተው አንዱ ቀኝ ነው፣ ሌላው ግራ ነው እያሉ ሲከራከሩ ይውላሉ። አብዛኞቹ የምድርና የውሃ ቀንድ አውጣዎች አፋቸው በቀኝ ነው። የሽንቱን ቢልሃርዚያ የሚያሳድገው ግን አፉ በግራ ነው፤ ስሙም ቡሊኑስ ይባላል። የአንጀቱን ቢልሃርዚያ የሚያሳድገው ቢዮምፋላሪያ የሚባለው ደግሞ ጉልላት የለውም፤ ሴት ስፌት ስትጀምር መጀመሪያ እንደምትጠቀልለው አክርማ ጥምዞቹ በአንድ ደረጃ ላይ ክብ ሆነው ተኝተዋል። ስፋቱ ብዙውን ጊዜ ከሰው ጥፍር አይበልጥም።

ሁለተኛው የሚታየው ነገር ክዳን ነው። አንዳንዱ ቀንድ አውጣ ወደ ቤቱ ሲገባ በእግሩ ጀርባ ተጣብቆ የሚኖር ትንሽ ክዳን አለው፤ እርሱም አፉን እንደ በር ይዘጋል። ሜላኖይዴስ የሚባለው ቀጭንና ረጅም፣ እንደ ተሾለ ቀንድ ሆኖ ብዙ ጥምዝ ያለው ቀንድ አውጣ ክዳን አለው። ቡሊኑስና ቢዮምፋላሪያ ግን ክዳን የላቸውም። ስለዚህ በአፍሪካ ወንዝ ውስጥ ክዳን ያለው ቀንድ አውጣ ያገኘ ሰው የቢልሃርዚያውን ወገን እንዳላገኘ ያውቃል። ነገር ግን ቀንድ አውጣው ሲሞት ክዳኑ ይወድቃልና በባዶ ዛጎል ላይ ክዳን አለመታየቱ ማስረጃ አይሆንም። ሕይወት ያለውን ማየት ያስፈልጋል።

አፉ በቀኝ ሆኖ ክዳን የሌለው፣ ቅርፊቱም ስስ፣ የመጨረሻው ጥምዝ ከሌሎቹ ሁሉ የሰፋ፣ አፉም ትልቅ የሆነ ቀንድ አውጣ ሲገኝ እርሱ የጉበቱን ትል ከሚያሳድጉት ወገን ነው። ረግረግ መስክ ላይ የሚሰማራ በግ የሚታመመው በዚህ ነው፤ ትሉ ከቀንድ አውጣው ወጥቶ በሣር ላይ ይጣበቃል፤ በጉም ከሣሩ ጋር ይበላዋል። እረኛ ይህን ቀንድ አውጣ ለይቶ ቢያውቅ መንጋውን ከዚያ መስክ ያርቃል።

ለመሳሳት እጅግ የቀረበው ነገር ግን ሌላ ነው። ፊዜላ የሚባል ቀንድ አውጣ አለ፤ አገሩ ሰሜን አሜሪካ ሲሆን ከውሃ ተክልና ከመርከብ ጭነት ጋር ወደ ብዙ የዓለም ክፍል፣ ወደ አፍሪካም ገብቷል። አፉ በግራ ነው፤ ክዳን የለውም፤ መጠኑም ቡሊኑስን ያህላል። የቸኰለ ሰው ሁለቱን አንድ ያደርጋቸዋል፤ ነገር ግን ፊዜላ የሰውን ቢልሃርዚያ አያሳድግም። በዛጎሉ ብቻ ለመለየት ቢያስቸግር ሕይወት ያለውን ማየት ይረዳል። የቡሊኑስና የቢዮምፋላሪያ ደም እንደ ሰው ደም ቀይ ነው፤ የፊዜላ ግን ቀይ አይደለም። ፊዜላ ደግሞ ከዛጎሉ ጠርዝ የሚወጡ እንደ ጣት የሆኑ ትንንሽ የሥጋ ጫፎች አሉት። በዚህም የማይቈረጥ ነገር ሲኖር በዘመናችን ሊቃውንት ከሥጋው ጥቂት ቈርጠው የዘሩን ምልክት በመሣሪያ ይመረምራሉ፤ የቡሊኑስ ወገኖች እርስ በርሳቸው እጅግ ስለሚመሳሰሉ በዛጎል ብቻ መፍረድ ብዙ ጊዜ አይበቃም።

እነዚህን ቀንድ አውጣዎች የሚለቅም ሰው በባዶ እግሩ ወደ ውሃ መግባት የለበትም፤ ትሉ የሚገባው በቆዳ ነውና። የሚለቅሙት ሰዎች ረጅም የጎማ ጫማና የእጅ ጓንት አድርገው፣ ረጅም እጀታ ባለው ወንፊት ከዳር ሆነው ይጨልፋሉ። ሕፃናት ግን ጓንትና ጫማ ካለው ታላቅ ሰው ጋር ካልሆኑ በቀር ይህን ሥራ መተው ይገባቸዋል፤ በባሕር ዳር የደረቀ ዛጎል ወይም በአትክልት ቦታ የሚገኘው የምድር ቀንድ አውጣ ለመማር ይበቃል። ትሉን የያዘ ቀንድ አውጣ ለማወቅ ሐኪሞች እያንዳንዱን ለብቻው ንጹሕ ውሃ ባለበት ብርጭቆ ያኖራሉ፤ በብርሃንም ላይ ያስቀምጡታል። የያዘው ከሆነ ትሎቹ ወደ ውሃው ሲወጡ በአጕሊ መነጽር ይታያሉ።

የተለቀመው ሁሉ ከወረቀት ጋር መቀመጥ አለበት። በወረቀቱ ላይ የወንዙ ስም፣ የመንደሩ ስም፣ ቀኑና የለቃሚው ስም ይጻፋል። ቀንድ አውጣው በአልኮል ውስጥ የሚቀመጥ ከሆነ ጽሕፈቱ በእርሳስ ይሁን፤ ቀለም በአልኮል ይጠፋልና። ያማረ ዛጎል ያለ ወረቀት ከተቀመጠ ለዐይን ደስታ እንጂ ለዕውቀት አይሆንም። የዚህን ምክንያት በደጋ ሰው ቤት ያለው ዛጎል ያሳያል። በአንገት ጌጥና በቆዳ ከረጢት ላይ የሚሰፋው ነጭ ዛጎል የባሕር ነው፤ በነጋዴ እጅ ከሩቅ መጣ፤ በደጋ ወንዝም ከቶ አልኖረም። ከሰው ጌጥ ወድቆ በወንዝ ዳር ቢገኝ፣ ያገኘውም ሰው ከወንዙ ዛጎሎች ጋር ቀላቅሎ ቢያኖረው፣ በኋላ የሚያየውን ያስተዋል ያሳጣዋል። ይህ ዛጎል ራሱ ከአንድ በላይ ወገን አለው፤ በጀርባው ላይ ቢጫ ቀለበት ያለው አንድ ነው፤ ቀለበት የሌለውና ጐርበጥ ያለው ሌላ ነው። ለመስፋት እንዲመች ጀርባው ተቈርጦ እንደ ሆነ ግን ቀለበቱ አብሮ ሄዷልና ሌላ ምልክት መፈለግ ያስፈልጋል።

ከቀንድ አውጣ ሌላ እንደ መጽሐፍ የሚከፈቱ ሁለት ቅርፊቶች ያሏቸው ፍጥረቶችም አሉ፤ እነርሱንና ቀንድ አውጣዎችን ሊቃውንት በአንድነት ሞሉስክ ይሏቸዋል። በእነዚህ ጉልላትና ጥምዝ አይፈለግም። ሁለቱ ቅርፊቶች የሚጋጠሙበት ማጠፊያ፣ በማጠፊያውም ላይ ያሉት ጥርሶች፣ በውስጥ በኩል ጡንቻው ተጣብቆበት የነበረው ጠባሳ ይታያል። በዓባይና በሌሎች የአፍሪካ ወንዞች ኤቴሪያ የሚባል አንድ ወገን አለ፤ ከዐለት ጋር እንደ ተለሰነ ተጣብቆ ስለሚያድግ መልኩ ዐለቱን ይከተላል፤ ስለዚህ ሁለት ተመሳሳይ ማግኘት ያስቸግራል። በውጭ መልኩ የሚፈርድ ሰው ከአንዱ ወገን ብዙ ስም ያወጣል።

በኢትዮጵያ የአንጀቱ ቢልሃርዚያ በብዙ አውራጃ ይገኛል፤ የሽንቱ ግን በአዋሽና በዋቢ ሸበሌ ቈላ እንዲሁም በኩርሙክ በኩል ተወስኖ ይኖራል። ልዩነቱ የመጣው በአብዛኛው ከቀንድ አውጣዎቹ ነው፤ ቢዮምፋላሪያ በብዙ ወንዝ ይኖራል፤ ለሽንቱ ትል የሚስማማው ቡሊኑስ ግን በጥቂት ቦታ ብቻ ይገኛል።

በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ የተባሉ ኢትዮጵያዊ ሊቅ ስለዚሁ በሽታ ሲመረምሩ ወደ ዓድዋ ሄደው ነበር። በዚያም ሴቶች ልብስ በእንዶድ ሲያጥቡ አዩ። እንዶድ የጥንት ሰው ሳሙና ነው፤ ፍሬው ደርቆ ተወቅጦ በውሃ ሲመታ አረፋ ያወጣል። እርሳቸው ግን ከአረፋው ይልቅ ወንዙን ተመለከቱ፤ ልብስ ከሚታጠብበት በታች ቀንድ አውጣዎች ብዙ ሞተው ተገኙ። እንዶዱን በሥራ ቤት መረመሩት፤ ቀንድ አውጣን እንደሚገድልም አረጋገጡ። ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋርም በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የሚባለውን ሽልማት ተቀበሉ።

እንዶድ ግን ጎጂውን ከማይጎዳው አይለይም፤ ዓሣንም ይገድላል። ስለዚህ በወንዝ ውስጥ ከመጨመሩ በፊት ለቃሚዎች ወንፊታቸውን ይዘው ከዳር እስከ ዳር ይሄዳሉ፤ ያገኙትን በነጭ ሳሕን ላይ ዘርግተው አፉ ግራ የሆነውን፣ ጠፍጣፋውንና ክዳን ያለውን በየወገኑ ይቈጥራሉ።