«ጡሪኝ፣ ቤቱ ያንቺ ነው» – ያልተጻፈ ቃል ማንን ይጠቅማል?



በመካነ ሰላምና በዙሪያዋ ባለው የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ጧሪ ያጣ ሽማግሌ የወንድሙን ልጅ ሲያስጠጋ «እስክሞት ጡሪኝ፤ ቤቱም ንብረቱም ያንቺ ነው» ቢላት፣ ጎረቤት ሁሉ ሰምቶ ይመርቃል። ልጅቷም አሥር ዓመት ውሃ ቀድታ፣ አስታማ ትቀብረዋለች። ከሰደቃው በኋላ ግን ወራሾች ከደሴና ከአዲስ አበባ ይመጣሉ። ቃሉን የሰማ መንደር እያለ ልጅቷ ከቤት ትወጣለች። ለምን?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የቃል ኑዛዜን እጅግ ያጠብበዋል። በቁጥር 892 እና 893 መሠረት፣ ሞቱ መቃረቡ የተሰማው ሰው በ2 ምስክሮች ፊት ሊናዘዝ የሚችለው ስለ ቀብሩ፣ ስለ ትናንሽ ልጆቹ አሳዳሪና ሞግዚት፣ እንዲሁም እያንዳንዱ ከ500 ብር ስለማይበልጥ ስጦታ ብቻ ነው። 500 ብር ዛሬ በግ አይገዛም! ከተናገረ በኋላ 3 ወር ከኖረም ኑዛዜው ይፈርሳል። «ኑዛዜ ሳይሆን ውል ነው» ቢባልም፣ ቁጥር 1723 የቤት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲደረግ ያዛል።

ሸሪዓችንስ ምን ይላል? ዕዳ እንዲጻፍ በሱረቱል በቀራህ 282፣ ወሲያ በሁለት ፍትሐዊ ምስክሮች ፊት እንዲደረግ በሱረቱል ማኢዳህ 106 ታዘናል። ወሲያ ከንብረቱ ሲሶ አያልፍም፤ ሌሎቹ ወራሾች ካልፈቀዱ በቀር ለወራሽ አይሆንም። የወንድም ልጅ ወራሽ ስላልሆነች ወሲያ ይጠቅማታል። ጧሪዋ የገዛ ልጁ ከሆነች ግን መንገዱ ሌላ ነው፦ በጤናው ሳለ ሒባ አድርጎ ማስረከብ፣ ወይም የድካሟን ዋጋ ከመነሻው በደመወዝ መዋዋል። ያልተከፈለ ደመወዝ ዕዳ ነው፤ ዕዳ ደግሞ ከወሲያም ከውርስም በፊት ይከፈላል።

ስለዚህ አባቶችና እናቶች ሆይ፣ አእምሯችሁ ሳይደክም አስጽፉ። በቁጥር 881 መሠረት ኑዛዜው በተናዛዡና በ4 ምስክሮች ፊት ይነበብ፤ ሁሉም ወዲያውኑ ይፈርሙ፤ መነበቡም በጽሑፉ ላይ ይገለጽ። የገጠር መሬት ከሆነ፣ የሚተላለፈው የይዞታ መብት ነውና አስቀድማችሁ የወረዳውን መሬት አስተዳደር ጠይቁ።

ወራሾችም አላህን ፍሩ። ዳኛው «ማስረጃ የለም» ብሎ ሊፈርድላችሁ ይችላል። አባታችሁን ማን እንዳገላበጠ ግን እናንተም አላህም ታውቃላችሁ። የሟች ቃል አማና ነው።

ወላሁ አዕለም።