አቤቱታሽ አድራሻ ይኑረው

እህቴ፣ «የሚመለከተው አካል አስቸኳይ መፍትሔ ይስጠን» የሚለውን መስመር አጥፊው። ከኋላሽ ቆሜ ሳነብ ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ማን ምን እንዳደረገ ጠፋኝ። ወንዙ ተበክሏል ብለሻል። ከየትኛው ድልድይ በታች? ከማን ግቢ በወጣ ቱቦ? ከመቼ ጀምሮ? እንዲህ ያለ ደብዳቤ ከቢሮ ቢሮ ይዞራል፤ ማንንም ስላልጠራ ማንም አይደነግጥም።

ንዴትሽ ይገባኛል፤ ማስረጃ ግን አይሆንሽም። ፎቶ ስታነሺ ሦስት ቦታ አንሺ፦ ቱቦው ወንዙን ከሚቀላቀልበት ከፍ ብለሽ፣ መቀላቀያው ላይ፣ ከዚያም ዝቅ ብለሽ። የታችኛውን ብቻ ይዘሽ ከቀረብሽ «ውሃው ከላይም እንዲሁ ሆኖ ነው የሚመጣው» ይሉሻል፣ አለቀ። ከጀርባው ሰው የሚያውቀው ነገር ይግባ፤ ድልድይ፣ የመብራት ምሰሶ፣ የወፍጮ ቤት ጣሪያ። ቀኑንና ሰዓቱን እዚያው ጻፊ። ውሃ ልቅዳ ካልሽ በለስላሳ ጠርሙስ እንዳታደርጊው፤ መጀመሪያ ዩኒቨርሲቲ ሄደሽ በምን ዕቃ፣ በስንት ሰዓት ውስጥ እንደምታስረክቢያቸው የላቦራቶሪ ባለሙያ ጠይቂ። ብቻሽንም አትሂጂ። የዕድር ሽማግሌ አስከትዪ፤ ምስክርም ጥበቃም ይሆንሻል።

አሁን ሕጉን ልንገርሽ፤ ምክንያቱም ጠበቃ ካልያዝኩ ብለሽ ትፈሪያለሽ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 ማንኛውም ሰው ጥቅሜ ተነካ ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው አካባቢን በሚጎዳ ሰው ላይ አቤት እንዲል ይፈቅዳል። ቤትሽ ከወንዙ ዳር መሆን የለበትም። አቤቱታው የሚቀርበው ለፌዴራሉ ወይም ለክልሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ነው። በ30 ቀን ውስጥ ካልወሰነ ወይም ውሳኔው ካላረካሽ፣ ከዚያ በኋላ ባሉት 60 ቀናት ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ትችያለሽ። ስለዚህ ደብዳቤውን ለምታውቂው ሰው በእጅ ሰጥተሽ አትምጪ። መዝገብ ቤት አስገቢ፤ ቀሪው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም አስደርጊ። ያ ማኅተም ከሌለ ሠላሳው ቀን ከየት ተነስቶ ይቆጠራል?

ማንን እንደምትከሺም ለዪ። በ1990ዎቹ መጨረሻ አፓፕ የተባለው የሰብዓዊ መብት ድርጅት በአቃቂና በሞጆ ወንዞች ብክለት የፌዴራሉን የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ፍርድ ቤት አቁሞ ነበር። ክሱ ውድቅ ሆነ። የተከሰሰው ተቆጣጣሪው እንጂ ፍሳሹን የለቀቀው አልነበረም። አቤቱታውን የት እንደምታስገቢም እወቂ። እኛ ድሮ ለክልል ጉዳይ ሐዋሳ ነበር የምንወርደው፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል አስተዳደር መቀመጫ ሶዶ ናት። ሆኖም የክልሉ ቢሮዎች በተለያዩ ከተሞች ስለተከፋፈሉ የምትፈልጊው የት እንዳለ ሳታጣሪ አትነሺ።

ስለ ከሰል የጻፍሽውን ደግሞ እንደገና አስቢበት። «ደን ጨፍጫፊዎች» ያልሻቸው በአርባ ምንጭ መንገድ ዳር ጆንያ ደርድረው የሚቀመጡት እናቶች ናቸው። እነሱን ያዋረደ ዘመቻ ሁምቦ ወረዳ ሲደርስ ማንም አይሰማውም። ሁምቦን እኮ ታውቂዋለሽ። ተራራው ተራቁቶ፣ ጎርፉ እርሻውን ይጠርገው ነበር። ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወርልድ ቪዥንና ገበሬው 2,728 ሄክታር ከልለው፣ አብዛኛው ቦታ ላይ ችግኝ ሳይተክሉ፣ ከተቆረጠው ጉቶ የሚያቆጠቁጠውን እየመረጡና እየገረዙ አሳደጉት። መጀመሪያ ላይ ሰዉ መሬታችን ሊወሰድ ነው ብሎ ፈርቶ ነበር። አየር ይሸጣል ሲባልማ ላም አለኝ በሰማይ ነበር የመሰለው። ነገሩን የቀየረው ስብከት አይደለም። ሰባት ኅብረት ሥራ ማኅበራት ተቋቁመው የደኑን የተጠቃሚነት መብት በወረቀት ያዙ፤ ሣሩን እያጨዱ ለከብት ወሰዱ። በ2002 ዓ.ም. ፕሮጀክቱ በተባበሩት መንግሥታት የካርቦን አሠራር ተመዘገበ፤ በ30 ዓመት 880,000 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይይዛል ተባለ፤ ከዚያም ውስጥ 165,000ውን በዓለም ባንክ ሥር ያለው ፈንድ ለመግዛት ተስማማ። ታዲያ አንቺም አትቁረጡ ከማለትሽ በፊት ለዚያች እናት ምን ይዘሽላት እንደምትሄጂ አስቢ። ጆንያው ላይ ያለው ከሰል የልጇ ደብተር ነው።

ፖስተርሽ ላይ ያለውን የመሬት መንሸራተት ፎቶ አስወግጂው። ሐምሌ 2016 ገዜ ጎፋ ላይ መሬት ተንሸራቶ ከ200 በላይ ሰው ሲሞት፣ ብዙዎቹ የተቀበሩትን ሊያወጡ የሮጡ ጎረቤቶች ነበሩ። ሬሳ ፍለጋ በእጁ ጭቃ የሚዝቅ ሰው ፎቶ ላይ የድርጅት ዓርማ አይለጠፍም። የሐዘንተኛው ዘመድ እዚሁ ሶዶ አብሮሽ ታክሲ ይሳፈራል። ስለ ተዳፋት እርሻ መናገር ከፈለግሽ የዳሞታን ተራራ አሳዪ፤ በየቀኑ እያየነው ስለሆነ ማንም አይከራከርሽም።

የዱር እንስሳቱ ጉዳይ ሌላ ጥንቃቄ አለው። በሳውላ መንገድ በኩል ባለው ማዜ ብሔራዊ ፓርክ የሚኖረው ቆርኬ ከኢትዮጵያ ሌላ የትም የለም። ስታዪው መደሰትሽ ደግ ነው፤ ግን መንጋው የት እንዳደረ የሚናገር ፎቶ በዚያው ቀን ቴሌግራም ላይ አትልቀቂ። አንቺን የሚከተለው አድናቂ ብቻ አይደለም። ቀንድ ወይም ቆዳ የሚሸጥ ሰው ካጋጠመሽ ደግሞ ለማስረጃ ብለሽ እንዳትገዢ፤ በዱር እንስሳት ሕግ መሠረት አንቺም ልትጠየቂ ትችያለሽ። ቦታውን፣ ቀኑንና ያየሽውን ጽፈሽ ለፓርኩ ወይም ለፖሊስ ስጪ፣ ከዚያ ዞር በይ።

ዎጌታ ኤፍ ኤም ላይ ልቅረብ ያልሽውም ጥሩ ነው፤ ግን ደብዳቤው ገብቶ ሠላሳው ቀን ካለፈ በኋላ ይሁን። በመጀመሪያው ቀን ሬዲዮ ከሄድሽ ቢሮው ስሙን ለመከላከል ይሰለፋል። «ጻፍኩ፣ ይኸው ቁጥሩ፣ መልስ የለም» ስትዪ ግን አድማጩ ራሱ ይጠይቅልሻል። በወላይትኛ ተናገሪ፤ የአማርኛውን የመሥሪያ ቤት ቋንቋ ለደብዳቤው ተዪው።

መልስ ካገኘሽ፣ ትንሽም ብትሆን፣ ሄደሽ አመስግኚ። ቱቦውን ወርዶ ያየውን ባለሙያ ስሙን ጠርተሽ አለቃው ባለበት አመስግኚው። እነዚህ ሰዎች አበላቸው ትንሽ፣ ወቀሳቸው ብዙ ነው፤ ከፋብሪካው በኩል የሚመጣባቸውን ስልክ አንቺ አታውቂውም። እንዲህ ያለ ሰው አንድ ካገኘሽ፣ ሌላ ቱቦ ሲከፈት አንቺ ሳትሰሚ እሱ ይደውልልሻል።