ከባዶ ገጽ የሚቀረው ምዘና

እጩ መምህር የትምህርት ዕቅድ በባዶ ወረቀት ጻፍ ቢባል ርዕሱን አይረሳም፤ የሚረሳው ምዘናውን ነው። እንግዲህ ልጁ ገባው አልገባው ሳይባል ደወሉ ይደወላል።

ድረ ገጽ የምንሠራበት ወርድፕረስም ባዶ ገጽ ከሰጠን ያው ነው። ይሁንና «የትምህርት ዕቅድ» የሚባል የራሳችንን የጽሑፍ ዓይነት ልንከፍትበት እንችላለን። እ.ኤ.አ. በ2018 የመጣው፣ በብሎክ የሚሠራው መጻፊያ ደግሞ አስቀድመን ካዘዝነው፣ አዲስ ዕቅድ በተከፈተ ቁጥር ዓላማ፣ መርጃ መሣሪያና ምዘና የሚሉ ቦታዎችን ደርድሮ ይጠብቀናል። ቁልፍም አለው፤ ጥብቁ መጨመርን፣ ማጥፋትንና ማዘዋወርን ይከለክላል፣ ላላ ያለው ግን ማዘዋወሩን ይፈቅዳል። ለእኛ የሚሻለው ላላው ነው። የመካነ ሰላም መምህር ስለ ጭላዳ ሊያስተምር ልጆቹን ቦረና ሳይንት ፓርክ ቢወስድ፣ ጥያቄውን ማስቀደም ሊያሰኘው ይችላል፤ ታዲያ ለምን ይታሰር? የቆዩት ዕቅዶች ግን በራሳቸው አይስተካከሉም፤ አንድ በአንድ መክፈት ነው እንግዲህ።