ለእኛ ምግብ፣ ለውሻ መርዝ

«ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይላል ያገራችን ሰው። ያበላውን አይረሳም፣ ደጁንም ይጠብቃል ለማለት ነው። ታዲያ እኛ የምናበላው ነገር ምን እንደሆነ ቆም ብለን ጠይቀን እናውቃለን ወይ? መልሱ ብዙውን ጊዜ «ከገበታ የተረፈውን ነዋ!» የሚል ነው። ትርፍራፊ መስጠቱ በራሱ ጥፋት የለበትም። ውሻ ከሰው ጋር መኖር ከጀመረበት ጊዜ አንስቶ የኖረው በዚሁ ነው። ነገር ግን ከትርፍራፊው መካከል ለእኛ ተስማሚ ሆኖ ሳለ ውሻን የሚያሳምም፣ አልፎ ተርፎም የሚገድል አለ። በዚህ ጽሑፋችን የምንመለከተው ይህንኑ ነው። ነገ በየትምህርት ቤቱ ልጆች ፊት የምንቆም እንደመሆናችን መጠን ጉዳዩ ከውሻም ያለፈ ትምህርት አለው።

ሀ. «እኛ በልተነው ምን ሆንን?»

ስለዚህ ነገር ሲነሳ ፈጥኖ የሚሰማው ጥያቄ ይኸ ነው። ጥያቄው ጥሩ ነው፤ መልስ ተደርጎ ሲወሰድ ግን ያሳስታል። አንድ ነገር መርዝ የሚሆነው በሁለት ምክንያቶች ነው። አንደኛው፣ የበላው አካል ያንን ነገር ፈጭቶ የማስወገድ ችሎታው ምን ያህል ነው? የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ የተበላው መጠን ከበላተኛው ክብደት ጋር ሲነጻጸር ምን ያህል ነው? የሚለው ነው። የውሻ ጉበትና ደም ከእኛ ይለያሉ። ክብደቱም ብዙውን ጊዜ ከእኛ በጣም ያነሰ ነው። ስለዚህ «እኔ በልቼ ደህና ነኝ» ማለት ስለ ተናጋሪው እንጂ ስለ ውሻው ምንም አያስረዳም።

ለ. ሽንኩርት

በእኛ ማዕድ ቤት ከሁሉ ይልቅ ሊያሳስበን የሚገባው ሽንኩርት ነው። ቀዩም ሆነ ነጩ፣ ባሮውም ጭምር፣ ሁሉም ከአንድ የዕፅዋት ወገን ናቸው። በውስጣቸው ያሉት ድኝ ያለባቸው ውሁዶች ወደ ውሻ ደም ሲገቡ ቀይ የደም ሕዋሳትን ያበላሻሉ። ሕዋሳቱ ሲፈራርሱ ኦክሲጅን የሚሸከም ይጠፋና ውሻው የደም ማነስ ይይዘዋል።

መጠኑ ምን ያህል ነው? አንድ ውሻ ከክብደቱ 0.5 በመቶ የሚሆን ሽንኩርት ባንድ ጊዜ ከበላ ጉዳት ሊደርስበት ይችላል። 20 ኪሎ ለሚመዝን ውሻ ይህ 100 ግራም፣ ማለትም አንድ መካከለኛ ሽንኩርት ገደማ ነው። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት መብላትም ተጠራቅሞ ይጎዳል። አንዳንዱ «የበሰለ ከሆነ ምን ችግር አለው?» ይል ይሆናል። እሳት ግን ይህን መርዝ አያጠፋውም። እንዲያውም ለአንድ ዶሮ ወጥ በኪሎ የሚቆጠር ሽንኩርት ተከትፎ፣ ቁሌቱ ተንጠፍጥፎ ስለሚያልቅ፣ አንድ ጭልፋ መረቅ ውስጥ ምን ያህል ሽንኩርት እንዳለ በዓይን አይታወቅም። በጾምም ቢሆን ሽሮውና ምስር ወጡ ያለ ሽንኩርት አይሠሩም። በወጥ የራሰ እንጀራ ለውሻ መወርወር ማለት እንግዲህ ሽንኩርት ማብላት ማለት ነው።

እዚህ ላይ በጥብቅ ልናስተውለው የሚገባ ነገር አለ። የሽንኩርት ጉዳት ብዙውን ጊዜ የሚታየው ከቀናት በኋላ ነው። ውሻው በፋሲካ ዕለት ጠግቦ ይበላል፤ ረቡዕ ወይም ሐሙስ ላይ ይደክማል፣ ድዱ ይነጣል፣ ትንፋሹ ይፈጥናል፣ ሽንቱ ጠቆር ያለ ቀይ ወይም ቡና ዓይነት ይሆናል። ያን ጊዜ የእሑዱን ወጥ ማን ያስታውሰዋል? «ቡዳ በላው» ወይም «ሰው መርዝ አበላብን» ተብሎ ጎረቤት ከጎረቤት ይቀያየማል። ምክንያትና ውጤት በጊዜ ሲራራቁ ሰው የቅርቡን እንደሚከስ ይህ ጥሩ ምሳሌ ነው።

ሐ. ቸኮላታና ቡና

በካካዎ ውስጥ ቲዮብሮሚን የተባለ ነገር አለ። የሰው አካል በሰዓታት ውስጥ ያስወግደዋል። በውሻ ደም ውስጥ ግን ግማሹ እንኳ እስኪወገድ 17 ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል። ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት 20 ሚሊግራም ሲደርስ ማስመለስ፣ ተቅማጥና ዕረፍት ማጣት ይታያል። ከ40 እስከ 50 ሲደርስ ልብ ያለ ሥርዓት ይመታል። 60 ገደማ ሲደርስ ደግሞ መንፈራገጥ ይመጣል። የወተት ቸኮላታ በግራም 2 ሚሊግራም ገደማ ሲይዝ፣ ጥቁሩ 5 ገደማ ይይዛል። እንግዲህ 10 ኪሎ የሚመዝን ውሻ 100 ግራም የወተት ቸኮላታ ቢበላ ይታመማል፤ ያንኑ ያህል ጥቁር ቸኮላታ ቢበላ ግን ሕይወቱ አደጋ ላይ ይወድቃል።

ካፌይንም የዚሁ ቤተሰብ ነው። ቡና ተጠጥቶ ሲያበቃ አተላው በጓሮ የሚደፋበት ቤት ብዙ ነው። እስከ በረካ የተፈላ አተላ ካፌይኑ ቢቀንስም ጨርሶ አያልቅም። ስለዚህ አተላውን ውሻ በማይደርስበት ቦታ መቅበር ይገባል።

መ. ዘቢብና ወይን

ወይን ፍሬና ዘቢብ የውሻን ኩላሊት ያደክማሉ። የእንስሳት ሐኪሞች ይህን በጽሑፍ ማሳወቅ የጀመሩት በቅርቡ፣ እ.ኤ.አ. በ2001 ገደማ ነው። ለረጅም ጊዜ ምክንያቱ አልታወቀም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 በወይን ውስጥ ያለው ታርታሪክ አሲድ ሳይሆን እንደማይቀር ሐሳብ ቀረበ። አንዱ ውሻ በልቶ ምንም ሳይሆን፣ ሌላው በጥቂቱ ሊሞት ይችላል። በመሆኑም «ይህን ያህል ቢበላ አይጎዳውም» የሚባል መጠን የለውም። ለቤተ ክርስቲያን የተዘጋጀ ዘቢብም ሆነ ዘቢብ የገባበት ኬክ ውሻ ከሚደርስበት ቦታ መራቅ አለበት።

ሠ. ሊጥ፣ መጠጥና ማስቲካ

እርሾ የገባበት የዳቦ ሊጥ በውሻ ሆድ ሙቀት ውስጥ መኩፋቱን ይቀጥላል። ጨጓራው ይነፋል፤ ከሊጡ የሚወጣው አልኮልም ደሙ ውስጥ ይገባል። ጠላም ሆነ ጠጅ «እስቲ ሲሰክር እንየው» ተብሎ ለውሻ የሚሰጥ ከሆነ ጨዋታው ነፍስ ሊያጠፋ ይችላል። ከስኳር ነፃ በሆኑ አንዳንድ ማስቲካዎች ውስጥ የሚገኘው ዛይሊቶል ደግሞ በውሻ አካል ኢንሱሊን በድንገት እንዲፈስ ያደርጋል። በአንድ ሰዓት ጊዜ ውስጥ የደም ስኳሩ ወርዶ ውሻው ሊወድቅ፣ ከዚያም ጉበቱ ሊጎዳ ይችላል።

ረ. አጥንትና የሆድ ዕቃ

«ውሻና አጥንት» የማይነጣጠሉ ይመስለናል። ነገር ግን የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ሲሰበር ሹል ስለሚሆን ጉሮሮና አንጀት ይወጋል። የጮማ ብዛትም ቆሽትን ያስቆጣል።

የታረደ በግ ጥሬ ሳንባና ጉበት ወርውሮ መስጠትስ? ይህ ከውሻው ይልቅ የሚጎዳው እኛን ነው። ሥጋው ላይ ውሃ የቋጠረ እብጠት ካለ የኮሶ ትል ዘመድ የሆነ ጥገኛ ትል ውሻው አንጀት ውስጥ ያድጋል። እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል። ከውሻው ጋር ተጫውተው እጃቸውን ሳይታጠቡ የሚበሉ ሕፃናት እንቁላሉን ቢውጡት በጉበታቸው ወይም በሳንባቸው ላይ ውሃ የቋጠረ እብጠት ያወጣባቸዋል። ስለዚህ የሆድ ዕቃ በሚገባ ሳይቀቀል ለውሻ አይሰጥ፤ የታመመው ይቀበር ወይም ይቃጠል።

ሰ. ምን እናድርግ?

1ኛ. የውሻው ድርሻ ሽንኩርት ከመግባቱ በፊት ይነሳለት። ደረቅ እንጀራ፣ ሩዝ፣ ከአጥንት የተለየ ቅቅል ሥጋ፣ ዱባና ካሮት ይበቁታል።

2ኛ. የማይሆን ነገር ከበላ ምን፣ ምን ያህልና መቼ እንደበላ ተጽፎ ወደ እንስሳት ሐኪም በፍጥነት ይወሰድ። ሕመሙ እስኪታይ መጠበቅ አያስፈልግም።

3ኛ. በጨው ወይም በሳሙና ውሃ እናስመልሰው ማለት ሁለተኛ መርዝ መጨመር ነው። ወተትና ዘይት መጋትም መድኃኒት አይደለም።

4ኛ. የተመረዘ ውሻ ሊንገዳገድ፣ ሊንቀጠቀጥና ለሃጩ ሊዝረበረብ ይችላል። ያበደ ውሻም እንዲሁ ያደርጋል። ሁለቱን በዓይን ብቻ መለየት አይቻልም። ስለዚህ «አብዷል» ብለን በድንጋይ አንቸኩል፤ «በልቶት ነው» ብለንም በባዶ እጅ አንንካው። ልጆችን አርቀን፣ በር ዘግተን ባለሙያ እንጥራ። የተነከሰ ሰው ካለ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውሃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ሸ. በክፍል ውስጥ

ይህ ርዕስ ለሳይንስም ለሒሳብም ያገለግላል። ተማሪዎች በየቤታቸው የሚሠራ ወጥ ውስጥ ምን ምን እንደሚገባ ዘርዝረው ለውሻ የማይሰጠውን ያስምሩበት። መቶኛም በዚሁ ይለማመዱ። ሠልጣኞች ራሳችንን በሚከተሉት ጥያቄዎች እንፈትን፦

1. 12 ኪሎ ለሚመዝን ውሻ አደገኛ የሚሆነው የሽንኩርት መጠን ከስንት ግራም ይጀምራል? (መልስ፦ 60 ግራም)

2. እሑድ ዕለት ወጥ የበላ ውሻ ሐሙስ ቢታመም፣ ምክንያቱን ለማወቅ ምን ምን እንጠይቃለን?

3. አንድ ተማሪ «አባቴ ሁልጊዜ ይሰጠዋል፤ ምንም አልሆነም» ቢለን ልጁንም አባቱንም ሳናሳፍር እንዴት እናስረዳዋለን?

ሦስተኛው ከሁሉ ይከብዳል። ልጁን «አባትህ ተሳስቷል» ብለን ወደ ቤቱ ብንሰደው የሚሰማን አናገኝም። ይልቁንስ የደሙን ነገር በሥዕል አሳይተን፣ የውሻውን ክብደት ራሱ እንዲያሰላ ብናደርገው ማታ ገበታ ሲነሳ ለቤተሰቡ የሚያስረዳው እሱ ይሆናል። ውሻው ቀርቦ የሚበላው የሚሰጠውን እጅ አምኖ ነውና፣ እጃችን ምን እንደያዘ ማወቅ የእኛ ፈንታ ነው።