ስለ መታመንና ከጥፋት ስለ መሸሽ

አማኝና ታማኝ የሚባሉት ሁለቱ ቃላት ከአንድ ግስ የወጡ ናቸው። አማኝ ነገሩን የሚቀበለው ነው፤ ታማኝ ግን ነገሩን የሚነግረው ነው። ሎጥ አማቾቹን ከከተማው ውጡ ባላቸው ጊዜ ነገሩን ለቀልድ ቈጠሩት። ዜናው እውነት ነበረ፤ ይሁን እንጂ ነጋሪው በፊታቸው ስላልታመነ ዜናው አልጠቀማቸውም።

ይህ በዘመናችንም ሲፈጸም ታይቷል። በደቡብ አሜሪካ፥ በኮሎምቢያ አገር፥ ኔቫዶ ዴል ሩይስ የሚባል ራሱን በረዶ የሸፈነው የእሳተ ገሞራ ተራራ አለ። ከእርሱም 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ ከሸለቆ አፍ ላይ፥ አርሜሮ የምትባል ከተማ ነበረች። በ1845 እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ከተራራው የወረደ የጭቃ ጎርፍ ያን ስፍራ ሸፍኖት ነበር፤ ከተማዪቱም የቆመችው በዚያው ደለል ላይ ነው። ተራራው ዳግመኛ መጤስ በጀመረ ጊዜ ሊቃውንት አደጋ የሚደርስበትን ስፍራ የሚያሳይ ካርታ አወጡ፤ አርሜሮም በካርታው ውስጥ ነበረች። አንዳንዶች ግን ሕዝብን በከንቱ ማስደንገጥ ነው ብለው ነቀፉት።

ኅዳር 4 ቀን 1978 ዓ.ም. (በኤውሮፓ 1985) ከቀትር በኋላ በከተማዪቱ ላይ አመድ ዘነበ። ሕዝቡ ምን እናድርግ ብሎ ጠየቀ። ራዲዮኑ አትደንግጡ አለ፤ የከተማውም ካህን በቤተ ክርስቲያኑ የድምፅ ማጉያ ተረጋጉ ብሎ ተናገረ። ከምሽቱ 3 ሰዓት አለፍ ሲል ተራራው ፈነዳ፤ የቀለጠውም በረዶ አፈርና ድንጋይ እየጠረገ ወረደ፤ ከሌሊቱ 5 ሰዓት ተኩል ገደማ አርሜሮ ደረሰ። ከ29 ሺህ ነዋሪዎችዋ 20 ሺህ ያህሉ ሞቱ። በእግር ወደ ኮረብታ ለመውጣት የሚበቃ ጊዜ ግን ነበረ።

አባቶቼና ወንድሞቼ ካህናት ሆይ፥ እኔ ይህን ታሪክ ባነበብሁ ቍጥር የምቆመው ከዚያ ካህን ቃል ላይ ነው። ሊዋሽ አስቦ የተናገረ አይመስለኝም፤ ሕዝቡን ከድንጋጤ ሊያድን የወደደ ይመስለኛል። ሆኖም ከተራራው ጠባይ ያላወቀውን ነገር በታመነ አፉ ተናገረ። መታመን ሰውን ያስኬዳል ስንል ደግሞም ያስቀምጠዋል ማለታችን ነው፤ ያልታመነ ሰው ቢሳሳት የሚሰማው የለም፤ የታመነ ሰው ስሕተት ግን ከተማ ያስቀራል።

በሌላ ወገን የቤንጋልን ባሕር ዳርቻ እንመልከት። በኅዳር 3 ቀን 1963 ዓ.ም. (በኤውሮፓ 1970) በዚያን ጊዜ ምሥራቅ ፓኪስታን፥ ዛሬ ባንግላዴሽ በምትባለው አገር፥ ዐውሎ ነፋስ ባሕሩን አንሥቶ ቢያንስ 300 ሺህ ሰው ፈጀ። የማዕበሉ ወሬ ብዙ ሰው ዘንድ ደርሶ ነበር፤ ነገር ግን ከሩቅ የሚመጣ ድምፅ ነበረና ጥቂቶች ብቻ ተነሡ። ከሁለት ዓመት ያህል በኋላ ቀይ መስቀል የጀመረው፥ በኋላም መንግሥት የተባበረበት ሥራ ከየመንደሩ ፈቃደኞችን መረጠ። ማስጠንቀቂያውን በባንዲራና በድምፅ ማጉያ የሚያደርሱት እነዚህ ጎረቤቶች ናቸው።

ይህም ብቻውን አልበቃም። በ1983 ዓ.ም. በተነሣው ማዕበል ወደ 140 ሺህ ሰው አለቀ፤ ከወንዶች ይልቅ ሴቶች በዙ። መጠለያው አነስተኛ ነበረ፤ ባል ሳይመጣ ከቤት መውጣትን የፈሩ፥ ከባዕድ ወንዶች ጋራ መታጎርን ያፈሩ ብዙዎች ነበሩ። ሌላው ደግሞ ላሙን ለማን ትቶ ይሂድ? ከዚያ ወዲህ መጠለያዎች በዙ፤ ሴቶች ፈቃደኞችም ተጨመሩ፤ ለከብት ከፍ ያለ የአፈር ጕብታ የተሠራበትም ስፍራ አለ። በኅዳር 2000 ዓ.ም. ሲድር የተባለው ብርቱ ማዕበል በመጣ ጊዜ የሞቱት 3 ሺህ 400 ያህል ናቸው።

በአገራችንም በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን ዙሪያ ምድር ደጋግማ በተንቀጠቀጠች ጊዜ ብዙ አሥር ሺህ ሰው ከቀዬው እንዲነሣ ተደርጎ ነበር። ከብት የሚያረባ ሰው መንጋዬ ምን ይበላል፥ ማንስ ይመልሰኛል ብሎ ቢጠይቅ እንቢተኛ ነው አይባልም፤ የሚጠይቀው ነጋሪውን ለማመን ነውና።