ወተቱ ለምን አልረጋም?

አቃቂ በሰቃ አካባቢ ጥሬ ወተት ለልጆቻችሁ የምትገዙ፣ ይቺን አንብቡ።

ቁስል ላይ ሲፈስ የሚያረፋውን ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ታውቁታላችሁ አይደል? ወተት ውስጥ ከተጨመረ የሚያረጉትን ባክቴሪያዎች ይገድላል፤ የቆየ ወተት ትኩስ ይመስላል። (አርቢው ሁሉ ያጭበረብራል ማለቴ አይደለም!)

በዓይን አይለይም። የሚለይ ሴንሰር ግን አለ፤ አሠራሩ ከስኳር መለኪያችን ጋር ይቀራረባል። ጫፉ በፕላቲነም ወይም በብር ናኖ ቅንጣቶች ይለበጣል፤ 1 ናኖሜትር የሜትር ቢሊዮንኛ ነው። ፐርኦክሳይዱ ሲነካቸው ኤሌክትሮን ይለዋወጣል፣ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይፈሳል፤ መጠኑ ሲጨምር ፍሰቱም ይጨምራል። ቅንጣቶቹ ደቃቅ ስለሆኑ የሚነካው ገጽ ሰፊ ነው፣ ጥቂት መጠንም ቢሆን ሊለይ ይችላል።

ትክክለኛ ቦታው ወተት መሰብሰቢያ ነው። እናንተ ግን ሙቀት ውስጥ ውሎ አድሮ ያልረጋ ጥሬ ወተት ለልጅ አትስጡ። ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ለተቀላቀለ ነገር ዋስትና አይሆንም።